ጨጓራና ልብ፦ ሐረርና ድሬዳዋ ለሚገኙ ጀማሪ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ የዘረመል መረጃ አጠቃቀም መመሪያ

ሐረር ውስጥ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚሠራ ሐኪም «ጨጓራዬ ነው» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ ለምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰው መንገር አያስፈልግም። ቃሩም፣ የሆድ መነፋቱም፣ ከእምብርት በላይ የሚያቃጥለውም ሕመም በዚህ አንድ ቃል ይጠቃለላል። ከእነዚሁ ታካሚዎች መካከል የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ደረታቸውን ጨምድዶ የሚይዛቸው፣ የልብ መድኃኒት የጀመሩም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች «የምግብ መፍጫ ሥርዓት ችግር ለልብ በሽታ ያጋልጣልን?» የሚል ርእስ ይዘው ሲመጡ ጥያቄው ከየት እንደመነጨ ይገባኛል። ይህ መመሪያ ጥያቄውን በዘረመል መረጃ፣ በተለይም ሜንዴሊያን ራንደማይዜሽን (በምኅጻሩ ኤምአር) በሚባለው ዘዴ፣ እንዴት መፈተሽ እንደሚቻል ያሳያል። ሥራው ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ ስምንት ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ፣ አር የተባለው ነጻ የስታቲስቲክስ ፕሮግራምና እየተቆራረጠም ቢሆን የሚሠራ ኢንተርኔት ይበቁታል። ትዕግሥት ግን በብዛት ያስፈልጋል።

ተራው መጠይቅ ለምን አይበቃም?

ድሬዳዋ ላይ አንድ ሺህ ሰው ጠይቀን፣ የጨጓራ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የልብ በሽታ በብዛት እንደሚታይባቸው አገኘን እንበል። ይህ ውጤት ቢያንስ በአራት መንገድ ሊተረጎም ይችላል። የመጀመሪያው ጨጓራው በእርግጥ ልብን ይጎዳል የሚለው ነው። ሁለተኛው ነገሩን ይገለብጠዋል፤ የልብ ሕመምተኛ በሐኪም ትእዛዝ አስፒሪን ይወስዳል፣ አስፒሪን ደግሞ የጨጓራን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፣ ስለዚህ ቀድሞ የመጣው የልቡ በሽታ ነው። ሦስተኛው የምርመራ ስሕተት ነው፤ ልብ ደም ሲያጥረው የሚፈጠረው ሕመም አንዳንዴ ከደረት በታች፣ ልክ ጨጓራ ያለበት ቦታ ላይ ስለሚሰማ፣ በመጠይቁ ላይ «ጨጓራ» ተብሎ የተመዘገበው ራሱ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል።

አራተኛው በአካባቢያችን ከሁሉም የከበደው ነው፤ እርሱም ጫት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ቃሚው በርጫ ላይ ሳለ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ ምሳውንና እራቱን ያሳልፋል፣ የሆድ ድርቀት ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ ሲጋራ አብሮ ያጨሳል፤ ምርቃናውን ለማብረድም ጨብሲ የሚጨምር አለ፤ እንቅልፉም ይዛባል። እንግዲህ አንዱ ልማድ ጨጓራንም ልብንም ለየብቻ ሲነካ፣ ሁለቱ በሽታዎች እርስ በርሳቸው ምንም ሳይነካኩ በመዝገብ ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው ይገኛሉ። «ጫት ይቅማሉ?» ብሎ መጠየቅ ችግሩን በከፊል ያቀለዋል እንጂ አያስወግደውም፤ ምክንያቱም ሰው በነጭ ጋዋን ፊት የሚቅመውን መጠን ቀንሶ ይናገራል፣ ለስንት ዓመት እንደቃመም በትክክል አያስታውስም። ከጫቱ ሌላ እኛ ያልጠረጠርናቸውና በመጠይቁ ያላካተትናቸው ነገሮችም ይኖራሉ።

የዘዴው መሠረተ ሐሳብ

እያንዳንዱ ሰው ከአባቱና ከእናቱ የሚወርሰው የዘረመል ቅጂ በፅንሰት ጊዜ ዕጣ እንደማውጣት ባለ ሁኔታ ይደርሰዋል። ግሬጎር ሜንዴል በአተር ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ሕግ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ቃር እንዲበዛበት የሚያደርግ የዘረመል ልዩነት ይዞ የተወለደ ሰው ልዩነቱን ያገኘው በርጫ ላይ ስለተቀመጠ፣ ሲጋራ ስላጨሰ ወይም አስፒሪን ስለዋጠ አይደለም፤ ከእነዚህ ሁሉ በፊት ወርሶታል። የልብ በሽታ ቢይዘውም ልዩነቱ ወደ ኋላ ተመልሶ አይቀየርም። ስለዚህ ለቃር የሚያጋልጡ ልዩነቶችን በብዛት የወረሱ ሰዎች፣ ካልወረሱት ይልቅ በልብ ደም ቧንቧ በሽታ የሚያዙ ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል የመንስኤና የውጤት ግንኙነት አለ ለማለት ከመጠይቁ የተሻለ ማስረጃ ይኖረናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ማርታይን ካታን የተባለ የኔዘርላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ አጭር ደብዳቤው፣ ዝቅተኛ ኮሌስትሮል ካንሰር ያመጣል ወይስ አያመጣም የሚለውን ክርክር በዘረመል መፍታት እንደሚቻል ጠቁሞ ነበር። ዘዴውን አስፋፍተው በሰፊው ያስተዋወቁት ደግሞ ጆርጅ ዴቪ ስሚዝና ሻህ ኢብራሂም ሲሆኑ፣ ጽሑፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ለልብ ሕክምና ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ፒሲኤስኬ9 የተባለውን ዘረመል ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ ከ3,363 ጥቁር አሜሪካውያን መካከል 2.6 በመቶ የሚሆኑት ይህ ዘረመል እንዳይሠራ የሚያደርግ ልዩነት ነበራቸው፤ ጎጂው ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በልብ ደም ቧንቧ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ88 በመቶ ያነሰ ነበር። ይህንኑ ዘረመል የሚያነጣጥሩ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ፈቃድ አገኙ። ይህ ግኝት የተገኘው አፍሪካዊ የዘር ግንድ ባላቸው ሰዎች መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዘዴው የሚሠራው ሦስት ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። የተመረጠው የዘረመል ልዩነት ከምናጠናው የሆድ ችግር ጋር በእርግጥ የተያያዘ መሆን አለበት፤ ሁለቱን በሽታዎች በጋራ ከሚያመጡ ነገሮች ጋር መያያዝ የለበትም፤ ልብን የሚነካውም በዚያ የሆድ ችግር በኩል ብቻ መሆን አለበት። ለብዙ ተማሪዎች የሚያስቸግራቸው ሦስተኛው ነው፤ እኔም በጀጎል ምሳሌ አስረዳቸዋለሁ። የጀጎል ግንብ ጥንት አምስት በሮች ነበሩት። አንድ መንገደኛ ወደ ከተማው የገባው በሸዋ በር ብቻ መሆኑን ካወቅን፣ የያዘው ዕቃም በሸዋ በር ገባ ብለን መመዝገብ እንችላለን። ያው መንገደኛ በቡዳ በርና በኤረር በርም የሚመላለስ ከሆነ ግን ዕቃው በየትኛው እንደገባ ማወቅ አይቻልም። የዘረመል ልዩነትም እንዲሁ ነው፤ ለቃር የሚያጋልጠው ልዩነት በውፍረት በኩል፣ በሲጋራ ሱስ በኩል ወይም በድብርት በኩል ወደ ልብ የሚደርስ ሌላ በር ካለው ስሌታችን ይበላሻል። ይህ ፕሊዮትሮፒ ይባላል። በዚህ ርእስ ላይ የሚሠራ ሰው ከጉልበቱ ሰፊውን ድርሻ የሚያወጣው እነዚህን የጎን በሮች በመጠበቅ ላይ ነው።

የሆዱን ችግር በስሙ መጥራት

«ጨጓራ» የጥናት ተለዋዋጭ ሊሆን አይችልም። መጀመሪያ የትኛው በሽታ እንደሚጠና ይወስኑ፤ ምርጫው ከሚገኘው መረጃ ጋር የተሳሰረ ነውና።

የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ የሚመለስበት፣ ሐኪሞች ጌርድ የሚሉት በሽታ፣ ለጀማሪ የሚመች ነው። 129,080 ታማሚዎችንና 473,524 ያልታመሙ ሰዎችን ያነጻጸረ ሰፊ የዘረመል ጥናት ስላለ መነሻ የሚሆኑ ልዩነቶች በብዛት ይገኛሉ። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከዚሁ ጥናት ውጤቶች መካከል አንዳንዶቹ የተሰሉት ጌርድን ከክብደት፣ ከድብርትና ከትምህርት ደረጃ ጋር አንድ ላይ አጣምሮ በሚመረምር ስሌት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ፋይል የጌርድ ብቻ አድርጎ መጠቀም የጎን በሮቹን በራስ እጅ ከፍቶ መተው ነው። ስለዚህ ፋይሉን ከማውረድዎ በፊት ጽሑፉን፣ በተለይም የዘዴውን ክፍል፣ ያንብቡ።

አይቢኤስ የተባለው የአንጀት መታወክ 53,400 ታማሚዎችንና 433,201 ያልታመሙ ሰዎችን ባካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ተመርምሯል፤ የተገኙት ጠንካራ የዘረመል ሥፍራዎች ግን ስድስት ብቻ ናቸው፤ ከስድስቱም አብዛኞቹ ከጭንቀትና ከስሜት መታወክ ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኝተዋል። በስድስት መንገደኞች፣ ያውም በሁለት በር በሚመላለሱ፣ ከተማ ማጥናት አስቸጋሪ ነው። ክሮንና አልሰረቲቭ ኮላይተስን የሚያጠቃልለው የአንጀት ብግነት በሽታ በተቃራኒው ከሁለት መቶ በላይ የሚታወቁ ሥፍራዎች አሉት፤ ሆኖም አብዛኞቹ የሰውነትን መከላከያ ሥርዓት የሚመለከቱ ስለሆኑ ልብን በቀጥታ ሊነኩ ይችላሉ።

ተማሪዎቼ አብዝተው የሚጠይቁኝ ስለ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው፤ ትክክልም ናቸው፣ ምክንያቱም በአገራችን የጨጓራ ቁስለት ዋነኛ መንስኤ ይኸው ባክቴሪያ ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ዘዴ አይመችም። ባክቴሪያው የሚይዘንም የማይዘንም በአብዛኛው በልጅነታችን በጠጣነው ውኃና በኖርንበት ቤት ጥበት ነው፤ ዘረመል ያለው ድርሻ ትንሽ በመሆኑ ጠንካራ መነሻ የሚሆን ልዩነት ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ባክቴሪያ ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው ታማሚዎችን ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ቢያቅድ ይሻለዋል።

የትኛው የልብ በሽታ?

በልብ በኩልም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሆስፒታሎቻችን የልብ ክፍል የሚተኙ ብዙ ወጣቶች የሚሠቃዩት በሩማቲክ የልብ በሽታ ነው፤ ይህም በልጅነት በስትሬፕቶኮከስ የመጣና ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብን ክዳኖች (ቫልቮች) ሲጎዳ የሚከሠት ነው። ትላልቆቹ የዘረመል ጥናቶች በዋናነት የሚመለከቱት ግን ልብን የሚመግቡት የደም ቧንቧዎች የሚጠቡበትን በሽታ ነው። ሁለቱ በመንስኤያቸው ስለማይገናኙ፣ በአውሮፓ መረጃ የተገኘውን ውጤት «የልብ በሽታ» ብሎ ጠቅልሎ ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ ድልጮራ ሆስፒታል የልብ ታካሚዎች ማሸጋገር ስሕተት ነው።

ለልብ ደም ቧንቧ በሽታ ካርዲዮግራም ፕላስ ሲፎርዲ የተባለው ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመውን፣ 60,801 ታማሚዎችንና 123,504 ያልታመሙ ሰዎችን የያዘ መረጃ እመክራለሁ። ከዚህ በኋላ የወጡና እጅግ የሚበልጡ መረጃዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ከ181,000 በላይ ታማሚዎች አሉት። አዲሱ ግን ዩኬ ባዮባንክ የተባለውን፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆኑ የብሪታንያ ነዋሪዎችን የመዘገበ ስብስብ ያካትታል፤ የጌርዱና የአይቢኤሱ ጥናቶችም አብዛኛውን መረጃቸውን የወሰዱት ከዚያው ነው። ያው ሰው በሆዱም በልቡም መዝገብ ሲቆጠር ውጤቱ ወደ ተራው መጠይቅ ስሕተት ያጋድላል። የ2015ቱ አነስ ቢልም ከዚህ መደራረብ ነጻ ስለሆነ ለዋናው ስሌት እርሱን፣ ለማመሳከሪያ አዲሱን ይጠቀሙ።

መረጃውን ማምጣት

የሚያስፈልገን የግለሰቦች መረጃ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የዘረመል ልዩነት የተሰላ ማጠቃለያ ነው። ማጠቃለያው የልዩነቱን መለያ ቁጥር፣ ውጤቱ የተሰላበትን የዲኤንኤ ፊደልና ተቃራኒውን፣ የፊደሉን ስርጭት፣ የተጽዕኖውን መጠን፣ መደበኛ ስሕተቱንና የፒ ዋጋውን ይይዛል። በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የሚተዳደረው ኦፕን ጂዋስ የተባለ የመረጃ ማከማቻ እነዚህን በነጻ ያቀርባል፤ ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 2024 ጀምሮ ግን ተመዝግቦ የይለፍ ቁልፍ መውሰድ ግዴታ ሆኗል። ቱ ሳምፕል ኤምአር የተባለው የአር ጥቅል ከዚህ ማከማቻ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል።

ሙሉ ፋይል ማውረድ ብዙ መቶ ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ከጊጋባይት በላይ ስለሚፈጅ፣ የሚፈልጓቸውን ልዩነቶች ብቻ ጥቅሉ ከማከማቻው መርጦ እንዲያመጣ ማዘዝ ይሻላል። ያመጡትን ወዲያውኑ በኮምፒውተርዎ ያስቀምጡ፤ የመረጃውን መለያና የወረደበትን ቀን ይጻፉ። ኔትወርኩ በተቋረጠ ቁጥር ከመጀመሪያው መጀመር እጅግ ያሰለቻል፤ ማከማቻው በየጊዜው ስለሚታደስም የዛሬውና የከርሞው ውጤት ላይገጥሙ ይችላሉ።

መምረጥ፣ ማጣራት፣ ማስማማት

ከጌርዱ መረጃ ውስጥ የፒ ዋጋቸው ከ0.00000005 በታች የሆኑትን ልዩነቶች ይምረጡ። ቁጥሩ የተጋነነ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ በመላው ዘረመል ላይ አንድ ሚሊዮን ያህል ነጻ ፈተና ስለሚደረግ የተለመደው 0.05 ለአንድ ሚሊዮን ተካፍሎ የሚገኝ ነው። ከዚያ ጎረቤታሞችን ያጣሩ። በክሮሞዞም ላይ ተቀራርበው የሚገኙ ልዩነቶች አብረው ስለሚወረሱ ሁሉንም መቁጠር አንዱን ምስክር አሥር ጊዜ እንደማስመስከር ነው። የተለመደው መስፈርት በ10,000 ኪሎቤዝ (አንድ ኪሎቤዝ አንድ ሺህ የዲኤንኤ ፊደል ነው) ርቀት ውስጥ የአር ስኩዌር ዋጋቸው፣ ማለትም አብረው የመገኘታቸው ልክ፣ ከ0.001 የሚበልጡትን ማስወገድ ነው። ማጣሪያው የሚመሳከርበት ናሙና የጥናቱን ሕዝብ የሚመስል መሆን አለበት፤ ለአውሮፓ መረጃ የአውሮፓ ማመሳከሪያ ይጠቀሙ። የቀሩትን ልዩነቶች ጥንካሬ በኤፍ ዋጋ ይለኩ፤ በቀላሉ ለማስላት የተጽዕኖው መጠን ለመደበኛ ስሕተቱ ተካፍሎ የተገኘው በራሱ ይባዛል፤ ከ10 በታች የሆነ ደካማ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ሰዎች እንደ ተራ የጽዳት ሥራ ያልፉታል፤ እኔ ግን የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ስለሆነ አላልፈውም። የሆዱ ጥናት ውጤቱን የመዘገበው በ«ኤ» ፊደል፣ የልቡ ጥናት ደግሞ በ«ጂ» ሊሆን ይችላል። አንዱ «ኤ ያለው ሰው ለቃር ይጋለጣል» ሲል ሌላው «ጂ ያለው ሰው ከልብ በሽታ ይጠበቃል» የሚል ከሆነ ሁለቱ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ተቃራኒ ምልክት አላቸው። ሥራውን ስጀምር ፋይሎቹን በእጄ በኤክሴል አጋጥሜ ቃር ልብን ይጠብቃል የሚል ውጤት አገኘሁና ሁለት ቀን ሙሉ ማብራሪያ ስፈልግለት ቆየሁ። አሲዱ ይጠብቅ ይሆን ወይስ መድኃኒቱ እያልኩ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን የግማሾቹን ልዩነቶች ፊደል ሳልገለብጥ እንደቀረሁ አየሁ። ጥቅሉ ይህን የማስማማት ሥራ ራሱ ስለሚሠራ በእጅ አይሞክሩት፤ ከሠራላችሁም በኋላ አምስት ስድስቱን መዝዛችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ፊደላቸው «ኤ» እና «ቲ» ወይም «ሲ» እና «ጂ» የሆኑ ልዩነቶች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። የዲኤንኤ ሁለት ክሮች ሲነበቡ ኤ ከቲ፣ ሲ ከጂ ስለሚጣመሩ፣ አንደኛው ጥናት የትኛውን ክር እንዳነበበ ከፊደሉ መለየት አይቻልም። የፊደሉ ስርጭት ከግማሽ በግልጽ የራቀ ከሆነ በእርሱ መለየት ይቻላል፤ ወደ 50 በመቶ የተጠጋ ከሆነ ግን ልዩነቱን መጣል ነው።

ስሌቱ

ለአንድ ልዩነት ስሌቱ ማካፈል ብቻ ነው፤ በልብ ላይ ያለው ተጽዕኖ በሆድ ላይ ላለው ተጽዕኖ ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል በፈጠርኩት ቁጥር እንየው። አንድ ልዩነት በጌርድ ላይ ያለው ተጽዕኖ 0.04፣ መደበኛ ስሕተቱ 0.006 ቢሆን የኤፍ ዋጋው 44 ገደማ ስለሚሆን ጠንካራ ነው። በልብ ደም ቧንቧ በሽታ ላይ ያለው ተጽዕኖ 0.01፣ መደበኛ ስሕተቱ 0.004 ቢሆን፣ 0.01 ለ0.04 ሲካፈል 0.25 ይሰጣል፤ ስሕተቱም 0.004 ለ0.04 ተካፍሎ 0.1 ይሆናል። እነዚህ የተጽዕኖ መጠኖች በሎጋሪዝም የተጻፉ ስለሆኑ፣ 0.25 ወደ ዕድል ምጥጥን ሲለወጥ 1.28 ነው፤ የ95 በመቶ መተማመኛው ከ1.06 እስከ 1.56 ይደርሳል። ጌርድ አለ ወይም የለም የሚባል በሽታ ስለሆነ ውጤቱን «የጌርድ ዕድል በእጥፍ ሲጨምር» ብሎ መግለጹ የተሻለ ነው፤ ለዚህም 0.25ን በ0.693 (የ2 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም) ያባዙ፤ ምጥጥኑ ወደ 1.19 ይወርዳል። ይህን ማስተካከያ የማያደርጉ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ ውጤታቸውም ከሚገባው በላይ ያስደነግጣል።

የሁሉም ልዩነቶች ውጤት ሲጣመር ይበልጥ የተረጋገጡት ይበልጥ ይመዝናሉ። አይቪደብሊው የተባለው ዋናው ስሌት ይህ ነው። አይቪደብሊው መንገደኞቹ ሁሉ በአንድ በር እንደገቡ ያምናል፤ እኛ ግን እንዲህ በቀላሉ ማመን የለብንም። ኤምአር ኤገር የጎን በሮቹ በአማካይ ወደ አንድ ወገን ማጋደላቸውን ይፈትሻል፤ መነሻ ነጥቡ ከዜሮ በግልጽ ከራቀ አደጋ አለ። ሚዛናዊ ሚዲያን ደግሞ በስሌቱ ውስጥ ካለው ሚዛን ቢያንስ ግማሹን የሚይዙት ልዩነቶች ታማኝ እስከሆኑ ድረስ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ካመለከቱ ልብ ይረጋጋል። የኮክራን ኪው ፈተና ልዩነቶቹ ምን ያህል እንደማይስማሙ ይናገራል፤ አንድ በአንድ እያወጡ ደግሞ ማስላት ውጤቱ በአንድ ልዩነት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መሆኑን ያሳያል፤ ኤምአር ፕሬሶ ያፈነገጡትን ለይቶ ያወጣል።

ለዚህ ርእስ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ውፍረትን፣ ሲጋራንና ድብርትን ከጌርድ ጋር በአንድ ላይ የሚያስገባው ባለብዙ ተለዋዋጭ ስሌት ነው። ቃር የሚበዛበት ሰው ብዙ ጊዜ ክብደቱ የጨመረ ነው፤ ክብደት ደግሞ በራሱ ልብን ይጎዳል። ክብደት ሲገባ የጌርድ ተጽዕኖ ከጠፋ፣ የመጀመሪያው ውጤት የክብደት ጥላ ነበር ማለት ነው። ይህንን ስሌት ያልያዘ የጌርድና የልብ ጽሑፍ ለእኔ ያላለቀ ሥራ ነው። በመጨረሻም አቅጣጫውን ገልብጠው፣ ለልብ በሽታ ከሚያጋልጡ ልዩነቶች ተነሥተው ወደ ጌርድ ያስሉ፤ በመጠይቁ ላይ ያስቸገረን የአስፒሪን ጥያቄ እዚህ ላይ በከፊል መልስ ያገኛል።

ከሐረር ሆኖ ማንበብ

ማመሳከሪያ ሆኖ የሚያገለግለው የአንድ ሺህ ጂኖም ፕሮጀክት ከ26 ሕዝቦች የተወሰዱ 2,504 ሰዎችን ይዟል፤ ኢትዮጵያዊ ናሙና ግን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የአፍሪካ ጂኖም ልዩነት ፕሮጀክት አማራን፣ ኦሮሞንና ሶማሌን አካትቷል፤ ዓላማው ግን የሕዝቦችን ልዩነት ማጥናት እንጂ በሽታን መከታተል አልነበረም። በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ አብረው የሚወረሱት የክሮሞዞም ቁራጮች አጫጭር ስለሆኑ፣ በአውሮፓ ለእውነተኛው ልዩነት ጠቋሚ ሆኖ ያገለገለ ጎረቤት እዚህ ላይጠቁም ይችላል። የአውሮፓውን የተጽዕኖ መጠን ወስዶ ለጀጎል ነዋሪ የአደጋ ነጥብ ማስላት ስለዚህ ተገቢ አይደለም። የፒሲኤስኬ9 ታሪክ የሚያሳየው ደግሞ በአፍሪካውያን ብቻ ጎልቶ የሚታይ ልዩነት ለዓለም ሁሉ መድኃኒት ሊያስገኝ እንደሚችል ነው፤ መረጃችን አለመኖሩ የሚጎዳው እኛን ብቻ አይደለም።

ይህ ማለት ግን የአውሮፓው መረጃ ለእኛ አይረባም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የማይነገርለት አንድ ጥቅም አለው። በአውሮፓ፣ ለምሳሌ በብሪታንያ፣ ጫት የሚቅም ሰው እምብዛም አይገኝም። በዚያ መረጃ በጌርድና በልብ መካከል የተገኘ ግንኙነት ሌላ ማንኛውም ጉድለት ቢኖርበት፣ በጫት የመጣ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ የዘረመሉ ስሌት ደካማ ወይም ባዶ ግንኙነት አሳይቶ፣ በድሬዳዋ የተደረገ መጠይቅ ግን ጠንካራ ግንኙነት ካሳየ፣ ትርፉ የመጣው ከጨጓራው ከራሱ ሳይሆን በዙሪያው ካለው አኗኗር ነው ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ይኖራል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ እዚህ ላለ ተመራማሪ ሌላው በቀላሉ የማያገኘው ዕድል ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በቀርሳ ከእ.ኤ.አ. 2007፣ በሐረር ከተማ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ የሚያካሂደው የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ለመጠይቁ ክፍል ጥሩ መሠረት ይሆናል። ከሰው ደም ወይም ምራቅ ለመውሰድ ያሰበ ግን ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ገብቷል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞ፣ በሐረሪኛና በሶማሊኛ የተዘጋጀ የስምምነት ቅጽ፣ ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነም ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ሲጽፉት

ስሌቱን ከመጀመርዎ በፊት ጥያቄውን፣ የሚጠቀሙበትን መረጃና ዋናውን ስሌት በአንድ ገጽ ጽፈው ቀን ያኑሩበት፤ ውጤቱን አይቶ ዘዴ መምረጥ በዚህ መስክ የተለመደ በሽታ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውንና 20 ነጥቦች ያሉትን ስትሮብ ኤምአር የተባለ የአዘጋገብ መመሪያ ይከተሉ። የሕዝብ መረጃ አውርዶ ሁለት በሽታዎችን ማጋጠም እጅግ ቀላል በመሆኑ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች መጽሔቶችን አጥለቅልቀዋል፤ አንዳንድ መጽሔቶችም ተጨማሪ ማስረጃ የሌለውን እንደማይቀበሉ አስታውቀዋል። የድሬዳዋው ወይም የሐረሩ መጠይቅ ይህንን ተጨማሪ ማስረጃ ሊሆንልዎ ይችላል።

በውይይቱ ክፍል ላይ ውጤቱ ስለምን እንደሚናገር ይጠንቀቁ። የተለካው ሰው ዕድሜውን ሁሉ ይዞት የሚኖረው ተጋላጭነት ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ «ቃርን ማከም የልብ በሽታን ይቀንሳል» ለማለት አያበቃም። የቃር መድኃኒት ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ለምሳሌ ኦሜፕራዞል ክሎፒዶግሬል የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚያነቃውን ሲዋይፒ2ሲ19 የተባለ ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ ሁለቱን አብሮ ማዘዝ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ከግኝቶቹ በታች የሚሰፍረው ዓረፍተ ነገር በዚህ ልክ ቢጻፍ በቂ ነው፦ «በአብዛኛው በአውሮፓውያን መረጃ ላይ በተደረገው በዚህ ስሌት፣ በዘረመል የሚለካ ለጌርድ ተጋላጭነት ከልብ ደም ቧንቧ በሽታ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሰውነት ክብደት አብሮ ሲሰላ ግንኙነቱ ይህን ያህል ቀንሷል፤ ውጤቱ በኢትዮጵያውያን ላይ አልተፈተሸም።»